የቶንጋው ቦክሰኛ ባልዲ ያዥ

ሥራዬ ደም መቅዳት ነው። እንዲህ ሲባል የሚያስፈራ ሰው እመስላለሁ፤ ነገሩ ግን አትላንታ አጠገብ ሳንዲ ስፕሪንግስ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ክሊኒክ ቁጭ ብዬ የሰው ክንድ በላስቲክ አስሬ፣ ደም ሥር ፈልጌ፣ በመርፌ ጥቂት ደም ወስጄ ወደ ላብራቶሪ መላክ ብቻ ነው። ሚስቴ ነርስ ናት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰው ሲጠይቀኝ "ሁለታችንም ሜዲካል ላይ ነን" እላለሁ። እሷ ወደ መሬት አይታ ፈገግ ትላለች እንጂ አታርመኝም።

አንድ ረፋድ ላይ የክፍሌ ብርሃን ድንገት ቀነሰ። ቀና ስል በሩን የሞላ ወጣት ቆሟል። ትከሻው የቁም ሣጥን ያህላል፤ ጸጉሩን አናቱ ላይ ሰብስቦ አስሮታል፤ አንዱን ክንዱን ንቅሳት እንደ ጥለት ከላይ እስከ ታች ሸፍኖታል። የመጣው ለቦክስ ፈቃድ ነበር። ሪንግ ውስጥ ለመግባት መጀመሪያ የደም ምርመራ ያስፈልጋል።

"ከየት ነህ?" አልኩት።

"ከቶንጋ።"

"ኦ፣ ቶንጋ!" አልኩ፣ አጎቴ እዚያ እንዳለ ሁሉ። የት እንዳለች እንኳ አላውቅም ነበር። በኋላ ስልኬ ላይ ስፈልግ ፓስፊክ ውቅያኖስ መሐል የተበተነች፣ የራሷ ንጉሥ ያላት የደሴቶች አገር ሆና አገኘኋት።

ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ክንዱን ዘረጋና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

"አንክል፣ መርፌው ትልቅ ነው?" አለኝ።

በእነሱ ዘንድ አንክል ማለት ለታላቅ የሚሰጥ ማክበሪያ መሆኑን የተረዳሁት ቆይቼ ነው። ያን ጊዜ ያረጀሁ መስሎኝ ከፋኝ።

"አንተ ቡጢ ሲያርፍብህ የምትውል ሰው አይደለህም እንዴ?"

"ቡጢ እላይ ይቀራል። መርፌ ግን ውስጥ ይገባል።"

 መርፌውን አስገባሁ። ደሙ ወደ ብልቃጡ መውረድ ሲጀምር ዞር ብሎ አየው፤ ዓይኑ ነጭ በነጭ ሆነና ወደ ፊት ማዘንበል ጀመረ። ልደግፈው ሞከርኩ። ለምን እንደሞከርኩ ዛሬም አላውቅም፤ ግድግዳ ሲወድቅ ሮጦ የሚደግፍ ሰው የለም። መርፌውን መንቀል ግን ችያለሁ፣ እሱ ይያዝልኝ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የጣሪያውን መብራት ነው። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ድምፁን ሰምታ እየሮጠች ገባች። ወለሉ ላይ የተዘረጋውን ሰው አይታ "ደም የሚቀዳው ሰውዬ የት ሄደ?" ብላ ጮኸች። ከሥሩ ነበርኩ።

ጆርጂያ ውስጥ መጀመሪያ የዘረረው ሰው እኔ ነኝ እያልኩ ብዙ አውርቻለሁ። እሱም አብሮ መውደቁን አልናገርም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ በፎይል የተሸፈነ ትሪ ይዞ ተመለሰ። የቆርቆሮ ሥጋ በቅጠል ተጠቅልሎ በኮኮናት ወተት የበሰለ ነው።

"አክስቴ ናት የላከችው" አለ። "ሰው ላይ ወድቀህ ባዶ እጅህን ይቅርታ አይጠየቅም አለችኝ።"

"ምንም አልሆንኩም" አልኩት ጎኔን እንደያዝኩ።

"እንግዲያው ልምምዴን መጥተህ እይ።"

ጂሙ ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ከአንድ ጎማ ቤት ጀርባ ነው። ጎኑ የሜክሲኮዎች ዳቦ ቤት ስላለ በር ላይ የቀረፋና የስኳር ሽታ ይቀበላችኋል፤ ገባ ስትሉ ግን ላብና አሮጌ ቆዳ ነው። እኔ ለማየት ብቻ የተጋበዝኩ ሰው፣ አዲስ የስፖርት ጫማ ገዝቼ፣ ግንባሬ ላይ ላብ መጥረጊያ ላስቲክ አጥልቄ ሄድኩ። ምናልባት "አንተም ሞክር" ቢሉኝ ብዬ ነው።

አሠልጣኙ ጡረታ የወጡ ጥቁር አሜሪካዊ ፖስተኛ ናቸው። ሁሉም ኮች ይላቸዋል። ቃል አይወጣቸውም። ከእግሬ እስከ ራሴ፣ ከራሴ እስከ እግሬ አዩኝና "ጫማው ጥሩ ነው" አሉ። ስለ ቀረው ምንም አላሉም።

እንደጠረጠርኩትም ገመድ ሰጡኝ። በልጅነቴ ሴቶች ልጆች በገመድ ሲዘሉ አይቻለሁ፤ ከባድ አይመስልም። ጥቂት ዘልዬ ገመዱ መጀመሪያ ጆሮዬን፣ ቀጥሎ መነጽሬን ወሰደ፤ በመጨረሻ ሁለት እግሬን አንድ ላይ ጠፍሮ ጣለኝ። አንዲት ዕድሜያቸው የገፋ ኮሪያዊት ጥግ ላይ ለጤናቸው የተንጠለጠለ የቡጢ መለማመጃ ከረጢት ይመቱ ነበር። ጓንታቸውን አውልቀው መጡና ቋጠሮውን ፈቱልኝ። ከዚያ ገመዱን ራሳቸው ያዙትና እንደ ወፍ እየዘለሉ አሳዩኝ። በዚህ የእኔ የስፖርት ሕይወት አበቃ።

ጂሙን ግን አልተውኩትም። ቦክሰኛው የሚኖረው ስማይርና በምትባል ከተማ አክስቱ ቤት ነው፤ የእኔም ቤት እዚያው አካባቢ ነው። የእሱ ፒክአፕ ሞተሩ ሲሞትበት "ላድርስህ" አልኩት። አንድ ቀን ብዬ የጀመርኩት ልማድ ሆነ። ከሥራ መልስ አነሳዋለሁ፤ በ285 አውራ ጎዳና ትራፊክ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን እንጓዛለን። መኪናዬ በእሱ በኩል ወደ መሬት ስለምታዘነብል ከሩቅ የሚያየን ሰው ጎማችን የተነፈሰ ይመስለው ነበር።

ታሪኩን የሰማሁት እዚያ ትራፊክ ውስጥ ነው። አገሩ እያለ ራግቢ ነበር የሚጫወተው። አክስቱ ጋ ሲመጣ ዕቃ ጫኝ ሆኖ ተቀጠረ። አንድ ቀን የአንዲት ሴት ቤት ሲቀይሩ ፍሪጅ ብቻውን ተሸክሞ ደረጃ ወጣ። የሴትየዋ አባት ደረጃው ሥር ቆመው ያዩት ነበር። እኚያ አባት ኮች ናቸው። "ከሥራ ስትወጣ ና" አሉት። ሌሎቹ በልጅነታቸው የሚጀምሩትን ነገር እሱ ጎልማሳ ሆኖ ጀመረ። ቀኝ እጁ የነካው ሁሉ ይወድቅ ስለነበር በመጀመሪያዎቹ ግጥሚያዎች ማንም ሌላ ነገር አላስተማረውም። ኮች እንደሚሉት እጁ ከባድ ነው፤ ችግሩ እግሩ ከእጁም የባሰ ከባድ መሆኑ ነው። ፈጣን ሰው ሲገጥመው ይዞረዋል፣ ያደክመዋል፣ በነጥብ ይበልጠዋል።

ስንነዳ እንዘምራለንም። እሱ የሚያንጎራጉራቸው የቤተ ክርስቲያን መዝሙሮች ዜማቸው እኛ ጋ ካሉት ጋር አንድ ነው፤ ያመጡልን ሚሲዮናውያን ሳይዘማመዱ አልቀሩም። እሱ በቶንጋኛ፣ እኔ በአማርኛ እንለቀዋለን። የእሱ ድምፅ መስኮቱን ያነቃንቃል። እኔ ከመዘምራን "ለጊዜው ዕረፍት ውሰድ" ተብዬ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ያ ዕረፍት እስካሁን አላለቀም።

የቤቴ ሰዎች ነገሩን በጥርጣሬ ነበር ያዩት። ማርኬቲንግ የምትሠራው ልጄ አንድ እሑድ ምሳ ላይ ያዘችኝ።

"አባዬ፣ ላይክ፣ ፍሪ ታክሲ ሆነህለታል እኮ።"

"የቡድኑ አባል ነኝ" አልኩ።

"የትኛው ቲም? ኦኬ፣ ኮቹ ስምህን ያውቃል?"

ወጡን አቀበልኳት። ኮች የሚጠሩኝ በመኪናዬ ስም "ካምሪ" ብለው ነበር።

በቦክስ ዓለም እንዲሸነፉ የሚጠሩ ሰዎች አሉ። ማንም ግን እንዲያ ብሎ አይጠራቸውም። አንድ ተስፋ የተጣለበት ወጣት ስሙ እንዲገንን ሲፈለግ፣ ጥሩ ተዋግቶ የሚወድቅ ሰው ይፈለግለታል። የእኛ ሰው በነጥብ ከተሸነፈ በኋላ የሚደወልለት ለዚህ ሆነ። አትላንታ ውስጥ ተሸንፎ የማያውቅ፣ ዘመድ አዝማዱ አዳራሽ የሚሞላለት ወጣት ነበረ፤ ለእሱ ተጠራ።

ግጥሚያው ሲቃረብ በዙር መሐል ውኃ የሚያቀብለው ባልዲ ያዥ በወገብ ሕመም ተኛ። ኮች ዙሪያቸውን ቢያዩ ከእኔና ከኮሪያዊቷ በቀር ማንም የለም። መጀመሪያ ኮሪያዊቷን ጠየቁ፤ ሥራ አለኝ አሏቸው።

"ካምሪ" አሉኝ፣ "ዙር ሲያልቅ በርጩማ ታስገባለህ። ባልዲና ውኃ ታቀብላለህ። አፍህን ትዘጋለህ። ትችላለህ?"

"ሜዲካል ላይ ነኝ እኮ" አልኳቸው።

"እሱን አልጠየቅኩህም።"

ጀርባው ላይ የቡድኑ ስም የተጻፈበት ሸሚዝ ሰጡኝ። ልኬ ስለጠፋ የተረፈውን የቦክሰኛውን ሸሚዝ ነው የለበስኩት፤ ጉልበቴ ድረስ ወረደ። ሚስቴ በር ላይ አይታኝ "የጥምቀት ልብስ ነው?" አለች።

አዳራሹ ውስጥ የተመልካቹ ሁሉ ድጋፍ ለሌላኛው ነበር። ለእኛ የሚጮኹት የቦክሰኛው አክስት ከነዘመዶቻቸው አንድ ረድፍ ላይ ብቻ ናቸው፤ ግን ያ ረድፍ የሌላውን ሦስት ረድፍ ይመዝናል። ወጣቱ ፈጣን ነበር። እየመታ ይሸሻል፤ የእኛው አየር ይመታል። እኔ በመጀመሪያው ዕረፍት በርጩማውን ገልብጬ አስገባሁ። በሁለተኛው ውኃውን አፉ ላይ ሳይሆን የኮች እጅጌ ላይ አፈሰስኩት። ከዚያ በኋላ ግን እጄ ተፍታታ፤ ቢያንስ የተቆጣኝ የለም።

መሐል ላይ የእኛው ገመዱ ጋ ተያዘና ቡጢ ይወርድበት ጀመር። እኔ ከታች ቆሜ ለቦክሰኛው በተዘጋጀው ነጭ ፎጣ ላቤን እጠርግ ነበር። ትልቅ ቡጢ ሲያርፍበት "ኢየሱስ!" ብዬ ሁለት እጄን ወደ ላይ ወረወርኩ። ፎጣው አብሮ ሄደ። በአየር ላይ ተዘርግቶ፣ እንደ ነጭ እርግብ ተንሳፍፎ፣ ሪንጉ መሐል አረፈ።

ለማያውቅ ልንገር፤ በቦክስ ከማዕዘን ፎጣ መወርወር "በቃን፣ ሰውዬአችንን ልቀቁልን" ማለት ነው።

 ዳኛው ፎጣውን አይተው ወደ ኮች ዞሩ። ኮች ሁለት እጃቸውን እያወናጨፉ "አይደለም! አይደለም! ወድቆበት ነው! ሞኝ ነው!" አሉ። እኔም በማረጋገጥ ራሴን ነቀነቅኩ። ዳኛው ፎጣውን በእግራቸው ገፍተው አወጡና ትግሉ ቀጠለ። የእኛው ግን ያን ፎጣ አይቶታል። ወደ ማዕዘናችን የተመለከተበትን ዓይን አልረሳውም፤ እናቱ ገበያ ላይ ጥላው የሄደች ሕፃን ዓይን ነበር። ከዚያ ተቆጣ። በእኔ የተነሣው ንዴት እዚያ ምስኪን ወጣት ላይ አረፈ። ቡጢ እየወረደበት ዝም ብሎ ወደ ፊት ሄደ፤ ገመዱ ጋ አገኘውና ቀኙን ለቀቀ። ወጣቱ ተቀምጦ ቀረ።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ደረቴን በጣቱ ወጋኝ።

"አንክል፣ ተስፋ ቆረጥክብኝ?"

"ላቤን እየጠረግኩ ነበር።"

አየኝ። ሸሚዜን አየ። ከዚያ እስኪያለቅስ ሳቀ። ኮች ግን አልሳቁም። "ከዛሬ ጀምሮ ፎጣ አትያዝ" አሉኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ታሪኩን ለሁሉም አወራሁ፤ ባወራሁት ቁጥር ፎጣው ሆን ተብሎ የተወረወረ እየመሰለ መጣ። አንድ ሽማግሌ በትዕግሥት ሰሙኝና "እና አንተ ምን አደረግህ?" አሉኝ።

"አበረታታሁት፣ ጋሼ።"

"እግዚአብሔር ይርዳው" አሉ። እኔን ይሁን እሱን አልገለጹም።

ከዚያ ድል በኋላ ትልቁ ጥሪ መጣ። በቴሌቪዥን የሚታይ ግጥሚያ ነው፣ እዚሁ አትላንታ። ተጋጣሚው ለቀበቶ የቀረበ፣ የታወቀ ሰው ነው። የእኛው ካሸነፈው ቀጥሎ ለዓለም ሻምፒዮንነት የሚጠራው እሱ ነው። ቤተ ክርስቲያኑን ሁሉ በጸሎት አሰለፍኩ። የረቡዕ ጸሎት ላይ ተነሥቼ "ስለ አንድ ከባድ ሚዛን ወንድም" ብዬ ሳሳስብ፣ ከኋላ ወንበር አንዲት እናት "ምን ነክቶት ነው የከበደው?" ሲሉ ሰማሁ።

ግጥሚያው ጥሩ ነበር። ይህን የምለው ስለምወደው አይደለም። ከባዱ እግሩ እንኳ ያን ቀን ታዘዘለት። ያ የታወቀ ሰው ሁለቴ ሲንገዳገድ አይቻለሁ፤ አክስቱ ወንበር ላይ ቆመው ነበር። ግን ያም ሰው በበኩሉ የእኛውን ግራ ዓይኑ አካባቢ ደጋግሞ መታው። ዓይኑ አላበጠም፤ አልደማም። ከውጭ ሲያዩት ደኅና ነው።

ዕረፍት ላይ እንደ ልማዴ የውኃውን ጠርሙስ በግራ በኩል አቀበልኩት። አልተቀበለኝም። የተቆጣ መሰለኝ። ጠጋ አደረግኩለት፤ ጉንጩን ሲነካው እንደ ደነገጠ በቅሎ ዘለለ። በሚቀጥለውም ዕረፍት እንደዚያው ሆነ። ጠርሙሱን በግራ ዓይኑ በኩል ወዲያና ወዲህ አመላለስኩት። ዓይኑ አልተከተለውም።

 አፍህን ዝጋ ተብያለሁ። እስካሁን የሠራሁት ሁሉ ስሕተት ነው። አሁንም ብሳሳት፣ የሰውየውን የሕይወት ዕድል በአንድ ቃል ማጥፋቴ ነው።

"ኮች" አልኩ። "በግራ ዓይኑ አያይም።"

"አያለሁ!" አለ እሱ ወዲያው።

ኮች ቀኝ ዓይኑን በመዳፋቸው ሸፈኑና ሌላ እጃቸውን ፊቱ ላይ ዘረጉ። "ስንት ጣት ነው?"

"ሁለት።"

ኮች ያሳዩት የተጨበጠ እጃቸውን ነበር።

እጃቸውን አወረዱ። ግንባራቸውን ግንባሩ ላይ አሳረፉ፤ ከዚያ ዳኛውን ጠሩና "በቃን" አሏቸው። ከበርጩማው ሲነሣ ያሰማው ድምፅ ቁጣ ነው ልቅሶ ነው አላውቅም። ገመዱን ይዞ ወደ ታች አየኝ።

"አንክል" አለኝ። "አንተ ነህ?"

ያን ቀን በመኪናዬ አልተመለሰም፤ በአምቡላንስ ነው የሄደው። የዓይኑ ውስጠኛው ስስ ሽፋን ከቦታው ተላቅቆ ነበር። ኦፕሬሽን ሲደረግ እይታው ተረፈ። አንድ ሁለት ዙር ቢጨምር ኖሮ አይተርፍም ነበር አሉ ሐኪሙ። ሪንግ ውስጥ መግባት ግን ከእንግዲህ የለም።

ብደውል አያነሣም። ቴክስት ባደርግ አይመልስም። ሚስቴ "ዓይኑን እኮ ነው ያተረፍክለት" ትለኛለች። "ሥራውንም ነው የወሰድኩበት" እላታለሁ። በአክስቱ ቤት በኩል መንገዴ ያልሆነውን መንገዴ አደረግኩት፤ መጋረጃው ሁልጊዜ ተዘግቷል። ብቻዬን ስነዳ የምለውን እለማመድ ነበር። አንዴ በእጄ ጭምር እያስረዳሁ ስናገር አጠገቤ የቆመው መኪና ውስጥ ያለች ሴት መስኮቷን ዘጋች።

ወራት ካለፉ በኋላ አክስቱ ራሳቸው ደወሉ። "እናቱ ከቶንጋ መጥታለች። ልታይህ ትፈልጋለች" አሉኝ። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም።

ሱፍ ለበስኩ። ሚስቴን ይዤ ሄድኩ፤ ለሽምግልና ሳይሆን ለምስክርነት። ሳሎኑ በዘመድ ተሞልቷል። እሱ ሶፋው ጥግ ላይ ጥቁር መነጽር አድርጎ ተቀምጧል፤ ራሱን ነቀነቀልኝ እንጂ አልተነሣም። እናቱ መሐል ላይ ነበሩ። ግዙፍ ሴት ናቸው፤ ወገባቸው ላይ ከቅጠል የተሠራ ጥልፍልፍ ምንጣፍ ታጥቀዋል፤ በእነሱ ዘንድ ለክብር የሚለበስ ነው። እንግሊዝኛ ስለማይናገሩ አክስቱ ያስተረጉማሉ።

"የተናገረው ይሄ ነው?" አሉ እናቱ።

"እሱ ነው" አለ ልጃቸው።

እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና ብዙ ተናገሩ። አክስቱ መተርጎም ጀመሩና መሐል ላይ አፋቸውን ይዘው ቆሙ።

"ምን አሉ?" አልኩ። ላብ ሸሚዜን አርሶታል።

"ሁሉንም ግጥሚያ በጎረቤት ስልክ አየው ነበር ትላለች። እናም ሁልጊዜ... እንዲሸነፍ ነበር የምጸልየው ነው የምትለው።"

ልጃቸው መነጽሩን አወለቀ። በቋንቋቸው አንድ ነገር ጮኸ፤ "እማ!" የምትለዋን ብቻ ለየኋት። እናቱ አላፈሩም። እንዳይጎዳ፣ ግን እንዲሸነፍና እንዲበቃው፤ ይህን ነው የለመኑት። ባሸነፈ ቁጥር አልቅሰው ተኝተዋል።

ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ እውነቱን ተናገርኩ። "እኔ ደግሞ ቤተ ክርስቲያናችንን ሁሉ እንዲያሸንፍ አስጸልይ ነበር" አልኩ።

አክስቱ ተረጎሙ። እናቱ በአዲስ ዓይን አዩኝ።

"ስንት ሰው ነበራችሁ?" አሉ።

"ብዙ ነበርን።"

"እኔ ብቻዬን ነበርኩ" አሉ፤ አገጫቸውን ከፍ አድርገው።

መጀመሪያ የሳቀችው ሚስቴ ናት። ቀጥሎ አክስቱ። እሱ ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ያለቀሰ መስሎኝ ነበር፤ ሲገልጠው እየሳቀ ነው። ተነሥቶ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ።

"አሁንም ተናድጄብሃለሁ" አለኝ።

"አውቃለሁ።"

"ረጅም ጊዜ የምናደድ ይመስለኛል።"

"እጠብቃለሁ" አልኩት።

እንዳለውም ቆየ፤ ግን እየተናደደ ስልኬን ማንሣት ጀመረ። አሁን የራሱ የዕቃ ማጓጓዣ መኪና አለው፤ ከአክስቱ ልጅ ጋር ይሠራል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጂም ሄዶ ኮችን ያግዛል። ስለ እግር አጣጣል ሲያስተምር ኮች ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

እናቱ ወደ አገራቸው ሲመለሱ አብሬው ወደ ኤርፖርት ሸኘኋቸው፤ መንገዱን ሁሉ ስለ ሥራው ስመክረው እሱ ለእናቱ ይተረጉምላቸው ነበር። መግቢያው ላይ እሱን አቅፈው ከጨረሱ በኋላ ወደ እኔ በጣታቸው እያመለከቱ ለልጃቸው ረጅም ነገር ነገሩት። እኔ ምስጋና ነው ብዬ አንገቴን ሰበር አድርጌ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ቆምኩ።

"ምን አሉ?" አልኩት ከሄዱ በኋላ።

ትንሽ አመነታ። "ጥሩ ሰው ነው አለች" አለኝ።

"ሌላስ? ብዙ ነው የተናገሩት።"

"ጥሩ ሰው ነው፤ ምክሩን ግን አትስማ አለች።"